ኪያር ኪያር የሚል ማር

ኦስተርሞር፣ ጁን 16 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ ገሼ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ በሙሉ ጤና ያግኝዎ። እዚህ ያለነው ሁላችንም፣ ንቦቹን ጨምሮ፣ ደኅና ነን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው፦ ባለፈው ገና አጎቴ ኮርት የላኩልዎ ማር የኪያር ሽታ ነበረው ወይ?

ጥያቄው እንግዳ እንደሚሆንብዎ እገምታለሁ፤ ጠያቂዋም እንዲሁ። እኔ የታላቅ ወንድምዎ የልጅ ልጅ ቪብከ ነኝ። ለመጨረሻ ጊዜ የተያየነው በአያቴ ቀብር ላይ ሲሆን፣ ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በአጎራባቹ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ስላገኘሁ ከመጋቢት ጀምሮ በአጎቴ ቤት ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማር በመሙላት አግዛቸዋለሁ። እርስዎ ቁም ነገር በስልክ መነጋገር እንደማይወዱ ስለሰማሁ መጻፉን መርጫለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በር ላይ ያለውን ጠረጴዛ ያስታውሱታል፤ አላፊ አግዳሚው ማሩን ያነሣል፣ ገንዘቡን ቆርቆሮው ውስጥ ይጥላል፣ ባዶውን ጠርሙስ ደግሞ ሌላ ቀን ይመልሳል። ሆኖም የሰፈሩ ሰው የሚመልሰው የእኛን ጠርሙስ ብቻ አይደለም። ብርጭቆ መጣል እዚህ እንደ ነውር ስለሚቆጠር፣ ማርማላታ የነበረበትን፣ ቀይ ሥር የነበረበትን፣ ከሁሉም በላይ በአቼቶ የተዘፈዘፈ ኪያር የነበረበትን ሁሉ አጥቦ ያስቀምጥልናል። በብርጭቆው ላይ ቅሬታ የለኝም። ብርጭቆ ሲቀቀል ይጸዳል። ክዳኑ ግን አይጸዳም። በውስጡ ያለው ለስላሳ ጎማ አቼቶውንና እንስላሉን ይዞ ይቀራል፤ ማር ደግሞ አጠገቡ ያገኘውን ሽታ ሁሉ ወደ ራሱ ይስባል። ስለሆነም ማንኛውም ንብ አናቢ ክዳኑን ሳያሸት አይገጥምም። አጎቴ ግን ክዳን የሚመርጡት በጆሯቸው ነው፤ መሐሉን በአውራ ጣት ጫን ያደርጉና ጥሩ ድምፅ ከሰጠ ያልፋል።

የማያሸቱበት ምክንያት፣ ማሽተት ስለማይችሉ ነው። ይህን እሳቸው አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። በሚያዝያ ወር ግን አንድ ጠዋት ከፎቅ ስወርድ ወተቱ ምድጃው ላይ አርሮ ቤቱ በሙሉ ይሸታል። እሳቸው ሁለት እርምጃ ርቀው ጋዜጣ እያነበቡ «ዛሬ አየሩ እንዴት ንጹሕ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ የዘንድሮውን የጸደይ ማር ስቀምስ፣ ከየሦስቱ ጠርሙስ አንዱ ኪያር ኪያር ይላል። እርስዎ በየጥር ወሩ «እንደ ድሮው ነው» ብለው እንደሚጽፉላቸው ሰምቻለሁ። ነገሩ ዘንድሮ የጀመረ ነው ወይስ የቆየ የሚለውን ሊነግሩኝ የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። መልስዎን እጠብቃለሁ።

አክባሪዎ ቪብከ

*

ሀውገሱን፣ ጁላይ 19

ቪብከ ልጄ፣

እግዜር ከክፉ ነገር ይጋርድሽ፤ ያንን ሽማግሌም እንደዚሁ። መልሱ የዘገየው ጉልበቴን ስላመመኝ ነው። በጉልበት እንደማይጻፍ አውቃለሁ፤ አትሳቂብኝ።

አንቺ ያቺ ቀብሩ ላይ የመዝሙር መጻሕፍቱን በየቁጥራቸው የደረደርሽው ልጅ አይደለሽም? ሰው ሁሉ ሲያለቅስ አንቺ «አሥራ አራተኛው ጠፍቷል» እያልሽ ትዞሪ ነበር። ለእናትሽ «ይቺ ልጅ ወይ ዳኛ ትሆናለች፣ ወይ ባል አታገኝም» ብያታለሁ። የትኛው ሆነ?

ማሩ ደርሶኛል። ጠርሙሱ አልተሰበረም። ኮርት ዕቃ ሲጠቀልል ሕፃን የሚያለብስ ነው የሚመስለው፤ ጋዜጣውን ብቻ ፈትቶ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ባለፈው ገና የወፍጮ ቤቱን መሸጥ ያነበብኩት ከዚያው ጋዜጣ ላይ ነው። ለመሆኑ ማን ገዛው? ጎረቤታችሁ ኢልሳቤስ ዳሌዋ ተሻላት? ኮርት እራት ትኩስ ነገር ይበላል ወይስ ዳቦና ቋሊማ ብቻ?

ዘንድሮ ማር ባትልኩልኝ ይሻላል። ሐኪሙ ጣፋጭ ቀንሺ ብሎኛል፤ የፖስታውም ነገር አድካሚ ነው። ከላካችሁ ግን የሱፍ ካልሲ ላኩልኝ፤ እዚህ ያለው ካልሲ ሁሉ ሲታጠብ ለአሻንጉሊት ይሆናል።

እሱ ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፣ ቪብከ። ሽማግሌ ሰው አንዳንድ ነገር ይቀንስበታል። አታድርቂው።

አክስትሽ ገሼ

*

ኦስተርሞር፣ ኦገስት 1 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ ገሼ፣

ጉልበትዎ እንዲበረታ እመኛለሁ። ካልሲው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተልኳል። ወፍጮ ቤቱን የገዙት ከሀምቡርግ የመጡ ባልና ሚስት ናቸው። አጎቴ እራት ትኩስ ነገር ይበላሉ፤ የማበስለው እኔ ነኝ። ዳኛም አልሆንኩም፣ ባልም አላገኘሁም።

የጠርሙሱን መድረስ ነግረውኛል፤ ስለ ጣዕሙ ግን አልነገሩኝም። ምናልባት ጥያቄዬን በግልጽ አላቀረብኩ ይሆናል፤ ስለዚህ እደግመዋለሁ፦ ማሩ ምን ምን ይል ነበር?

ባለፈው ቅዳሜ ከሊንደን ዛፍ አበባ የተገኘውን ማር ሞላን። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አፈ ሰፊ የሆኑ አዳዲስ ጠርሙሶችን ከነክዳናቸው ገዝቼ፣ አጥቤና በአፋቸው ደፍቼ በንጹሕ ጨርቅ ላይ አድርቄ ነበር፤ ጠብታ ውኃ የቀረበት ጠርሙስ ማሩን ሊያስቦካው ይችላልና። አጎቴ የማር ቤቱን በር እንደከፈቱ ቆሙ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አዲስ ጠርሙስና አዲስ ክዳን ነው፣ አጎቴ።»

«የድሮዎቹ ምን ሆኑ? ሞቱ?»

«አንዳንዶቹ ክዳኖች ይሸታሉ።»

«ሁለቴ ተቀቅለዋል። ሁለቴ የተቀቀለ ነገር አይሸትም። አንቺ ራስሽ ሁለቴ ብትቀቀዪ አትሸችም።»

አዲሶቹን ሰብስበው ለዝናብ ውኃ መለኪያ ይሆናሉ ብለው ጓሮ አወጧቸው። ከዚያ ተቀምጠው እንደ ሁልጊዜው ሠሩ። ሲሞሉ ማየት ያስደስታል፤ ይህን ለመካድ ምክንያት የለኝም። ጠርሙሱን ዘንበል አድርገው ማሩ በግድግዳው ተንሸራቶ እንዲወርድ ያደርጋሉ፤ አረፋ አይፈጠርም። ሚዛኑ ልኩን ከማሳየቱ በፊት ቧንቧውን ይዘጉና የቀረችውን የማር ክር ብቻ ይጠብቃሉ፤ አንድም ጠርሙስ አላጎደሉም፣ አላተረፉምም። በመጨረሻም ስማቸውን የጻፉባትን የወረቀት ጥብጣብ ከክዳኑ እስከ ጠርሙሱ አንገት ይለጥፋሉ። ጥብጣቡ ሲቀደድ ነው ማሩ የገዢው የሚሆነው።

በማግሥቱ ወይዘሮ ኢልሳቤ ዘንድ ሄድኩ። ዳሌያቸው ተሽሏቸዋል። ምድር ቤታቸውን እንዲያሳዩኝ ጠየቅኋቸው።

«ምን ልታዪ?»

«የአጎቴን ማር።»

«አንቺ የመጽሐፍ ልጅ፣ አይተሽ ማንንም አታስጨንቂ» ብለው መብራቱን አበሩ። መደርደሪያው ሙሉ ነበር። የአንዱም ጥብጣብ አልተቀደደም፤ ከአንድ ረድፍ በቀር።

«እነዚህንስ ከፈቷቸው?»

«እነሱማ ለሄሪንግ ዓሣ ናቸው። ማሩን ከሰናፍጭ ጋር መትተሽ ዓሣው ላይ ብታፈሽው ሌላ ቅመም አያሻውም። ኪያሩ ውስጡ አለ። መንደሩ በሙሉ እንደዚህ ነው የሚበላው። የቄሱ ሚስት እንኳ ለድንች ሰላጣ አድርጋዋለች።»

«ለምን አልነገራችኋቸውም?»

«ማን ይንገረው? አንቺ ንገሪያ።»

ታዲያ የሚያስጨንቀኝ ሄሪንጉ አይደለም። አጎቴ በዘንድሮው የወረዳው ንብ አናቢዎች የማር ውድድር ላይ ሃይደ ከሚባለው የሜዳ ቁጥቋጦ አበባ የሚገኘውን ማር ሊያቀርቡ ስማቸውን አስመዝግበዋል። ለአሥራ ስምንት ዓመት በዚያ ውድድር ዳኛ ነበሩ። የዳኞች የመጀመሪያ ሥራ፣ እሳቸው ራሳቸው እንዳስረዱኝ፣ ክዳኑን ከፍቶ ማሽተት ነው። ሽታው የከፋ ጠርሙስ አይቀመስም፤ የአናቢው ስምና ጉድለቱ በአዳራሹ ውስጥ ይነበባል። በአንድ ወቅት የሌላውን ሰው ስም ያነበቡት እሳቸው ነበሩ። አሁን የራሳቸው እንዳይነበብ አስቀድሞ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል፤ ስለዚህ መልስዎ ያስፈልገኛል።

አክባሪዎ ቪብከ

*

ሀውገሱን፣ ኦገስት 26

ቪብከ ልጄ፣

ሰላምና ጥጋብ ከቤታችሁ አይጥፋ። ካልሲው ልክ ነው፤ እጅሽ ይባረክ።

ያ ሞኝ ሽማግሌ ውድድር ምን አስገባው? ይህን ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። አንቺ እንደ ጋዜጠኛ ረጋ ብለሽ ትጽፊዋለሽ፤ እኔ እሱን ከሕፃንነቱ አውቀዋለሁ። አንድ ነገር ልንገርሽ። ኮርት በወጣትነቱ በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ ይዘምር ነበር። ድምፁ ግድግዳ ያንቀጠቅጣል። አንድ ቀን የመዘምራኑ መሪ፣ ክፉ ሳያስብ፣ «ኮርት፣ ግማሽ ድምፅ ወርደሃል» አለው። ባርኔጣውን አደረገና ወጣ። ከዚያ ወዲህ እንኳን ቤተ ክርስቲያን፣ ላም ሲያልብም አንጎራጉሮ አያውቅም። እናታችን ስትቀበር እንኳ አፉን ዘግቶ ቆመ። ስለ ማሩ ከነገርሽው ቀፎዎቹን በማግሥቱ ይሸጣቸዋል። ከዚያ ምን ሊሠራ? መስኮት ላይ ተቀምጦ መኪና ሊቆጥር?

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ብልህ ልጅ ነሽ፤ እሱ ቀትር ላይ ጋደም ሲል ክዳኖቹን ቀይሪያቸው። አዲሶቹን አሮጌ ለማስመሰል ትንሽ ቧጨር ቧጨር አድርጊያቸው። የክዳኑን ገንዘብ እኔ እልካለሁ፤ ስንት እንደሆነ ብቻ ጻፊልኝ። ማንም ሳይጎዳ ያልፋል።

ንቦቹ በሃይደው ላይ ናቸው? ዘንድሮ አበባው ደኅና ነው?

ገሼ

*

ኦስተርሞር፣ ሴፕቴምበር 6 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ ገሼ፣

ለምክርዎ አመሰግናለሁ፤ በፍቅር እንደተሰጠ ይገባኛል። አበባው ደኅና ነው፤ ሜዳው እስከ ጫካው ድረስ ወይን ጠጅ ሆኗል። ገንዘብ አያስፈልገኝም።

ክዳኖቹን በስውር አልቀይርም። ምክንያቴን በአጭሩ ላስረዳዎ። በክዳኑ ላይ የሚለጠፈው ጥብጣብ የእሳቸውን ስም ይዟል፤ ትርጉሙም «ከዚህ በታች ያለውን እኔ አውቀዋለሁ» ማለት ነው። እኔ ከሥሩ ያለውን ነገር ከቀየርኩ፣ ሳያውቁት ሐሰት አስፈርሜያቸዋለሁ ማለት ነው። ከዚህም በላይ ዘዴው የሚያገለግለው ለአንድ ውድድር ብቻ ነው። በኅዳር ወር እኔ ቤተ መጻሕፍት በምውልበት ቀን እሳቸው ብቻቸውን ይሞላሉ፤ ወይዘሮ ኢልሳቤም ሌላ መደርደሪያ ያሠራሉ። የመንደሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እሳቸው ብቻ ሳያውቁ መኖራቸውን እንደ ክብር ልቆጥረው አልቻልኩም።

ስለዚህ ባለፈው እሑድ ራሴ ነገርኳቸው። የመዘምራኑን ነገር አስቤ ቃላቱን አስቀድሜ አዘጋጅቼ ነበር። ሁለት ጠርሙስ የሊንደን ማር ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ፤ አንዱ ደኅና፣ አንዱ ኪያር።

«ይቅመሱልኝ፣ አጎቴ። ልዩነት አላቸው?»

ሁለቱንም ቀመሱ። «ሁለቱም ይጣፍጣሉ።»

«የግራው የአቼቶና የእንስላል ሽታ አለው። ከክዳኑ ነው።»

ማንኪያውን አስቀመጡ። አልተቆጡም። «አንቺ ከተማ ያደግሽ ነሽ» አሉኝ። «አፍንጫሽ የለመደው የወረቀት አቧራ ነው። ገሼ በየገናው ከዚህ ማር ትበላለች። የዚህ ቤት ልጅ ናት፤ ከእኔ የተሻለ አፍንጫ ነበራት። አንድ ነገር ቢኖረው ትነግረኝ ነበር።»

ባርኔጣቸውን አላደረጉም፤ ቀፎም አልሸጡም። ራታቸውን በልተው ተኙ። በዚህ ረገድ ፍርሃትዎ አልደረሰም። ነገር ግን እንደሚያዩት፣ የእኔ ቃል ከእርስዎ ቃል ጋር ሲጋጭ የሚያሸንፈው የእርስዎ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ የምጠይቅዎም ስለዚህ ነው።

አክባሪዎ ቪብከ

*

ሀውገሱን፣ ሴፕቴምበር 15

ቪብከ፣

ደኅና ሁኑልኝ ሁላችሁም።

ዛሬ ብዙ አልጽፍም፤ ነፋሱ መስኮቱን ሊገነጥለው ነው፣ እጄም በርዶታል። ለኢልሳቤ ሰላምታ አቅርቢልኝ። ከሄሪንግ ይልቅ ማኬሬል ዓሣ ላይ እንደሚሻል ንገሪያት። እሳቱ ላይ መጨረሻ ላይ ብትቀባው አያርርም። ሦስት ክረምት በዚህ ማር ሠርቼዋለሁ።

እኔን ከዚህ ነገር አውጪኝ። እሱ የቀረኝ አንድ ወንድም ነው። በዓመት አንዴ ነው የሚጽፍልኝ፤ የሚጽፍልኝም ማሩ እንዴት ነበር ብሎ ነው። ሌላ ምን እንደምንጻጻፍ አላውቅም።

ገሼ

*

ኦስተርሞር፣ ሴፕቴምበር 22 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ ገሼ፣

በዚያ ነፋስ መካከል ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ሰላምታዎን ለወይዘሮ ኢልሳቤ አድርሻለሁ። «ማኬሬል ከየት ላመጣላት፣ ባሕሩን ትላክልኝ» ብለዋል።

የጻፉልኝን እንደ መልስ ወስጄዋለሁ። ሦስት ክረምት መሆኑንም ተረድቻለሁ። ደብዳቤው በእጄ ስለሆነ ለአጎቴ ላነብላቸው እችል ነበር፤ አላነበብኩላቸውም፤ ወደፊትም አላነብላቸውም። ቃሉ የእርስዎ ነው፤ እሳቸውን ስቶ በእኔ በኩል መድረስ የለበትም።

ይሁንና በዚህ ሳምንት የሆነውን ማወቅ ይገባዎታል። የሃይደው ማር ወጥቷል። እንደሚያውቁት ይህ ማር እንደ ሌላው አይፈስም፤ በማር እንጀራው ውስጥ እንደረጋ ይቀመጣል፣ መርፌ በተደረደረበት መዳመጫ ካልተነካካም አይላቀቅም። ሐሙስ ዕለት አጎቴ መዳመጫውን ሲገፉ፣ እኔ ባልዲውን ይዤ ቆሜ ነበር። በመሐል ቆም አሉና ባልዲውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ጉንፋን ይዞኛል» አሉ። ጉንፋን አልያዛቸውም። «እስቲ አንቺ አሽቺው። ምን ይላል?»

አሸተትኩ። «መረር ያለ ነገር አለው። ዝናብ የነካው እንጨት ይመስላል። ከሥሩ ደግሞ የተቃጠለ ስኳር።»

«ጭስ ጭስ አይልም? ዘንድሮ ጭሱን አብዝቼባቸው ነበር።»

«አይልም።»

«የጎምዛዛ ነገርስ?»

«የለውም።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ «እንግዲህ ደርሷል ማለት ነው» አሉ፤ ቀጥለውም «አፍንጫሽ ክፉ አይደለም። ወረቀቱ አላበላሸውም» አሉኝ።

ይህን ዕድል ማሳለፍ ተገቢ ስላልመሰለኝ «እንግዲያው ስለ ክዳኖቹም ይመኑኝ፣ አጎቴ» አልኳቸው።

መዳመጫውን አንሥተው ጠረጉት። «ባምንሽ ደስ ይለኝ ነበር» አሉ። «ግን ገሼ እኮ አትዋሽም።»

ማሩን ግን እስከ ማታ ድረስ እያሸተትኩ ነገርኳቸው፤ ባልዲ በባልዲ ጠየቁኝ።

ስለዚህ አክስቴ፣ ከዚህ ሰው ላይ ንቦቹን የሚወስድባቸው እውነቱ ነው ብዬ አላምንም። ከእንግዲህ ለማሽተት የእኔን አፍንጫ ለመጠቀም ዝግጁ ናቸው፤ አንድ እግራቸውን አንሥተዋል፣ ሌላውን የያዘባቸው የእርስዎ ምስክርነት ነው። ሌላ ምን እንደምንጻጻፍ አላውቅም ብለዋል። ስለ ጉልበትዎ ይጻፉላቸው፤ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ካልሲው ይጻፉላቸው፤ እሳቸውም ማታ ማታ ሀውገሱን ዝናብ ይኖር ይሆን እያሉ ይጠይቁኛል፣ እኔ ግን አላውቅም።

አዲሶቹን ጠርሙሶች ከነክዳናቸው ከጓሮ መልሼ፣ አጥቤና አድርቄ በማር ቤቱ መደርደሪያ ላይ ደርድሬያቸዋለሁ። አጎቴ አይተዋቸዋል፤ አላወጧቸውም። አጠገባቸው አሮጌዎቹ ክዳኖች በሳጥናቸው ውስጥ አሉ። ለውድድሩ የሚሄዱትን ጨምሮ የሃይደውን ማር በሙሉ የምንሞላው ቅዳሜ ኦክቶበር 5 ቀን ጠዋት ነው። የትኛውን ክዳን እንደሚያነሡ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፤ እኔ በዚያን ቀን እጃቸውን አልይዝም።

የምለምንዎ ይህን ብቻ ነው፤ ያለፉት የሦስት ገና ማሮች ምን ምን ይሉ እንደነበር፣ በራስዎ እጅና በራስዎ ስም፣ ለእኔ ሳይሆን ለወንድምዎ ለኮርት ይጻፉላቸው። ደብዳቤው እስከ ዓርብ ኦክቶበር 4 ቀን ድረስ በእጃቸው መግባት አለበት።

አክባሪዎ ቪብከ